አሮጌ ሂሉክስ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጎበዝ፣ አዳማ ነኝ። 3ኤል ሞተር ያለው አሮጌ ሂሉክስ ፒካፕ አግኝቻለሁ፣ ከመቂ ሽንኩርት ላመላልስበት ነው። ቦዲው ደህና ነው፣ ግን የአሰላን ዳገት ስንሞክረው ሙቀቱ ወደ ቀይ ሄደ። ልግዛው?

መልስ፦ ወንድሜ አትቸኩል። ራዲያተሩ ተደፍኖ ከሆነ ቀላል ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና አስነሳው፤ ውሃው ዝም ብሎ አረፋ ከደፈቀ ወይ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተሰንጥቋል ወይ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታው ስር ያለው ማሸጊያ) ሄዷል። እኔ ይህን ሳላይ ገዝቼ ሁለት ወር ጋራዥ ቆሞብኛል፣ አንጀቴ ነው ያረረው።

መልስ፦ 3ኤል ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው፣ ጠንካራ ነው። የታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር አስማምቶ የሚያሠራው ቀበቶ) ግን በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር። ሻጩ መቼ እንደቀየረ ካላወቀ፣ እንዳልተቀየረ ቁጠረው።

መልስ፦ ባሌስትራውንም (ጭነቱን የሚሸከመውን ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) ስር ገብተህ እይ፣ ሽንኩርት ይከብዳል።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ በጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ እደርስበታለሁ።