የፌንታኒል አሰጣጥን በመለኪያ ስለ መምራት፦ በጋራ ማመልከቻው ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ
ረቂቁን አያይዣለሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት በባሕር ዳር ላሉት ለሁለቱ ሆስፒታሎች አስተዳደር መግባት ስላለበት አስተያየታችሁን ሳትዘገዩ ጻፉ። ዓላማው አንድ ነው፤ በሙሉ ሰመመን ላይ ያለ ሕመምተኛ አካሉ ለምላጩ የሚሰጠውን ምላሽ በቁጥር የሚያሳይ አንድ መሣሪያ ከሰመመን ባለሙያዎች ማኅበራችን ተቀማጭና ከሆስፒታሎቹ ድጎማ እንዲገዛ ነው። እስከ ዛሬ ብርቱውን የሕመም ማስታገሻ ፌንታኒልን የምንጨምረው የልብ ምትና የደም ግፊት ሲጨምር አይተን ነው፤ ምት ግን ደም ሲፈስም፣ ምት የሚያፋጥነው አትሮፒን ሲሰጥም፣ ሰመመኑ ሲቀልም ይጨምራል። መድኃኒቱ ያነሰበት ሕመምተኛ ማገገሚያ ክፍል ሲደርስ እየጮኸ ይነቃል፣ የበዛበት ደግሞ ትንፋሹ ይዳከማል። የአንጎልን ሞገድ የሚያነበው ቢስ የእንቅልፉን ጥልቀት እንጂ ይህን አይነግረንም።

ለምርጫ ያቀረብኳቸው ሦስት ናቸው። ኤስፒአይ ከጣት የደም ምት ሞገድ ቁመትና በምቶች መካከል ካለው ጊዜ የሚሰላ ሲሆን ከ20 እስከ 50 ባለው ውስጥ እንዲቆይ ይፈለጋል። ኤኤንአይ የልብ ምት ከትንፋሽ ጋር የሚያሳየውን መለዋወጥ ያነባል፤ የሚፈለገው ከ50 እስከ 70 ነው፣ እዚህ ላይ የሚያሰጋው የቁጥሩ መውረድ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር እንዳይምታታባችሁ። ኖል የጣትን ሞገድ፣ የቆዳን እርጥበት፣ ሙቀትንና እንቅስቃሴን አጣምሮ ያሰላል፤ ከ10 እስከ 25 ያለው ደህና ይባላል። የመመዝገቢያው ቅጽ በመጨረሻው ገጽ ላይ ይገኛል።

አባል፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል
ቅጹን አየሁት። የቀዶ ሐኪሙ የፊርማ ቦታ ከሰመመን ባለሙያው በላይ የሆነው በማን ውሳኔ ነው?

ጸሐፊ
የነባሩ የቀዶ ሕክምና ቅጽ አቀማመጥ ነው። አዲስ የተጨመረ ነገር የለም።

አባል፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል
ነባሩ ስለሆነ ነው እኮ የምጠይቀው። መድኃኒቱን የምንመጥነው እኛ፣ ቁጥሩን የምናነበው እኛ፣ ሌሊት ማገገሚያ ክፍል ተጠርተን የፌንታኒልን ጉልበት የሚሽረውን ናሎክሶን የምንሰጠው እኛ ሆነን ሳለ፣ በገዛ ገንዘባችን በምናሳትመው ወረቀት ላይ የበላዩን መስመር ለሌላ ሙያ የምንሰጥበት ምክንያት አልታየኝም። ይህ ሳይስተካከል ስሜ በማመልከቻው ላይ እንዳይገባ።

ሒሳብ ያዥ
ፊርማው ወደ ጎን ይቀመጥና ስለ ዋጋው እንነጋገር። ከአዲስ አበባ አስመጪዎች ፕሮፎርማ አመጣለሁ ያለው አባል የት ደረሰ? ለዋናው መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ለሚለጠፈው መዳሰሻም ዋጋ እፈልጋለሁ፤ በካፕኖግራፉ (የትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያው) ጊዜ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መሣሪያው ከነክብሩ መጥቶ ቱቦው ሲያልቅ መጋዘን ገባ።

መምህር
የሒሳብ ያዧን ጥያቄ ከማስረጃው ጋር አያይዤ ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ2019 በኔዘርላንድስ ላይደን በወጣ ጥናት በኖል የተመሩት ሕሙማን ሬሚፈንታኒል (ጉልበቱ ፈጥኖ የሚጠፋ የፌንታኒል ዘመድ) በ30 በመቶ ገደማ ቀንሶላቸዋል፤ እኛ ግን ሬሚፈንታኒል የለንም። ለእኛ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ2020 ከዚያው ቡድን የወጣው፣ በትንፋሽ በሚሰጠው ሰመመን በሴቮፍሉሬንና በፌንታኒል ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 50 ሕሙማን ላይ የተሠራው ነው። በመለኪያው የተመሩት ሕሙማን ማገገሚያ ክፍል ውስጥ ያሳዩት ሕመም ያነሰ ነበር፤ የገባው ጠቅላላ ፌንታኒል ግን በሁለቱ ወገን እምብዛም አልተለያየም። ልዩነቱን ያመጣው የተሰጠበት ሰዓት ነው ማለት ነው። ፌንታኒል በደም ሥር ከገባ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ካልሆነ ሙሉ ጉልበቱን ስለማያሳይ፣ ግፊቱ ከወጣ በኋላ የሚሰጥ ሰው ሁልጊዜ ከኋላ ሯጭ ነው። ስለዚህ ረቂቁ «መድኃኒት እንቆጥባለን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አውጥቶ «በሰዓቱ እንሰጣለን» ቢል ይሻላል። በሌሎቹ መሣሪያዎች ላይ የተሠሩት ጥናቶች ውጤታቸው የተቀላቀለ ስለሆነ ለአስተዳደሩ ከልክ ያለፈ ተስፋ አንስጥ።

አባል፣ የማህፀንና ጽንስ ክፍል
እኛ ዘንድ አብዛኛው ቀዶ የሚሠራው በጀርባ በሚሰጥ ማደንዘዣ ነው፤ እናትየዋ ነቅታ እያወራች ስለሆነ መሣሪያው አይጠቅመንም፤ ካመማት ትነግረናለች። እኛም እኩል የምናዋጣ ከሆነ እኩል የሚጠቅመን ነገር ይኑርበት። ሌላም አለ፤ እጇን ኢንሶስላ የሞቀች እናት ስትመጣ የደም ኦክስጅን የሚለካው ኦክሲሜትር እንኳ ከጣቷ አልነበብ ሲል ወደ ጆሮዋ እናዞረዋለን። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋት የምትገባዋ ደግሞ ጣቷ በረዶ ስለሚሆን ሞገዱ ጠፍጣፋ መስመር ሆኖ ይቀራል፣ በመዳፋችን ይዘን እስክናሞቀው ድረስ። ከጣት ብቻ የሚያነበው መሣሪያ ይህን እንደ ሕመም ምላሽ ቢቆጥርብንስ?

አባል፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል
ስለ ፊርማው የመለሰልኝ የለም።

ጸሐፊ
ጎን ለጎን አድርጌዋለሁ። አሁን ማንም ከማንም በላይ አይደለም።

አባል፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል
በቀኝ ያለው ማን ነው? ማኅተሙ የሚያርፈውስ በማን ላይ ነው?

አባል፣ ከዞን ሆስፒታል
በእውነት ከሆነ ይህ ጥያቄ ያሳፍራል። እኛ አንድ ኦክሲሜትር ለሁለት ጠረጴዛ የምናዘዋውር ሰዎች ከምሽቱ ጀምሮ ቁጭ ብለን የቀኝና የግራ ክርክር እያነበብን ነው።

አባል፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል
አንተን የሚያሳፍርህ እኔን አቁስሎኛል። ባለፈው ዓመት አንድ ሕመምተኛ ማገገሚያ ክፍል ትንፋሹ ሲዳከም መዝገቡ ተገልጦ የታየው «ከበላይ የፈረመው ማን ነው» ተብሎ አልነበረም፤ ለጥያቄ የተጠራው ከሥር የፈረመው ነው። ኃላፊነቱ ሲመጣ ወደ ታች፣ ክብሩ ሲመጣ ወደ ላይ የሚሄድ ወረቀት አልፈርምም። አንተ ገና ወጣት ስለሆንክ አልደረሰብህም።

አባል፣ ከዞን ሆስፒታል
ዕድሜዬ እዚህ ምን አገባው? ከኮሚቴው መውጣት ከፈለጉ በሩ ክፍት ነው፤ ማኅበሩን ግን በአንድ መስመር አያግቱት።

መምህር
ሁለታችሁም አንዴ ጋብ በሉ። የአጥንት ክፍሉ ባልደረባችን ያነሳው የኃላፊነት ጥያቄ እውነት ነው፣ ቦታው ግን ይህ ቅጽ አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ በዚህ ወረቀት ላይ ለምን ይፈርማል? እሱ ምላጭ ያሳረፈበትን ሰዓት ከነገረን ይበቃል።

አባል፣ የማህፀንና ጽንስ ክፍል
ካልፈረሙ አይተባበሩም። ሰዓቱንም አይነግሩንም።

ሰብሳቢ
ከሥራ ወጥቼ አሁን ነው ያነበብኩት። ለእናንተ ታላቅ እንደመሆኔ አንድ ነገር ልበል፤ ከዞን ሆስፒታል የጻፍከው ልጄ፣ «በሩ ክፍት ነው» የሚለውን ቃል አንሳልኝ። አንተም ወንድሜ፣ በዕድሜው አትምጣበት። ፊርማው ለጊዜው ይቆይና ሒሳብ ያዧ የጠየቀችው ፕሮፎርማ ይቅረብ።

አባል፣ ከዞን ሆስፒታል
ቃሉን አንስቻለሁ፣ ጋሼ።

አባል፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል
እኔም ስለ ዕድሜ ያልኩትን ትቻለሁ። ስለ ፊርማው ያልኩት እንዳለ ነው።

ሒሳብ ያዥ
ፕሮፎርማ አመጣለሁ ያለው አባል ስልኩን አያነሳም። ከእሱ ጋር እሄዳለሁ ያለውም ለሥልጠና ጎንደር ነኝ ብሏል። ዋጋ ሳይታወቅ ከተቀማጩ ሳንቲም ወጪ አላደርግም።

መምህር
እንግዲያው ዋጋ በሌለበት ልንጀምረው የምንችለውን ላቅርብ። ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያስተዋወቀው ባለ 8 ነጥብ መመዘኛ አለ፤ ግፊት፣ ምት፣ ላብና እንባ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ይሰጣቸዋል። የላይኛው ግፊት ከመነሻው ከ15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያነሰ ከወጣ 0፣ ከ30 በላይ ከወጣ 2 ነው፣ በመካከል ያለው 1፤ ቆዳው እርጥብ ሲሆን 1፣ ላቡ ጠብታ ሆኖ ሲታይ 2፤ እንባው ዓይን ሲገለጥ ሞልቶ ከታየ 1፣ ከፈሰሰ 2። ሁላችንም በዓይናችን የምናየውን ነው በቁጥር የሚያስጽፈን። በየ5 ደቂቃው ከተመዘገበ መሣሪያው ሲመጣ የምናወዳድርበት መነሻ ይኖረናል። በየክፍሉ አንድ ትንሽ የእጅ ባትሪ ቢኖር ደግሞ ብሌኑን ማየት ይቻላል፤ ኦፒዮይድ (እንደ ፌንታኒል ያለ ማስታገሻ) ያጠበበው ብሌን በምላጩ ጊዜ ከሰፋ መድኃኒቱ እየጎደለ ለመሆኑ ምልክት ነው።

አባል፣ የማህፀንና ጽንስ ክፍል
ዓይኑን በፕላስተር ከድነን እንባውን በየ5 ደቂቃው የምናየው እንዴት ነው? ፕላስተሩ በተነሳ ቁጥር ሽፋሽፍቱን ይነቅላል፣ ዓይኑም ይጋለጣል። የቆዳው ላብም ቢሆን ግንባሩ በጨርቅ ተሸፍኖ ሳለ የሚታየው ጨርቁን ለሚያነሳው ብቻ ነው።

መምህር
ልክ ነሽ። ፕላስተሩ ከውጭ ጠርዝ በኩል ትንሽ ክፍት ተደርጎ ይለጠፍ፣ እንባው ከዚያ ይወጣል። ዓይን የሚከፈተው ደግሞ በየ5 ደቂቃው ሳይሆን ግፊቱ ወይም ምቱ ነጥብ ካስመዘገበ ብቻ ይሁን።

አባል፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል
ኬታሚን የተባለው ሌላ የሰመመን መድኃኒት የተሰጠውን በዚህ መመዘኛ ብንመዝን ሁሉም 4 ይሆናል፤ ምቱንም ግፊቱንም ራሱ መድኃኒቱ ያወጣቸዋል። እኛ ክፍል ፌንታኒል ባለቀ ቁጥር የምንሠራው በኬታሚን ነው። የልብ ምት የሚያዘገየውን ቤታ ብሎከር የሚወስደው ደግሞ እያመመውም 0 ሊሆን ነው። የልብ ምቱ ሥርዓት የሌለውም ሆነ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ያለው ሰው ለኤስፒአይና ለኤኤንአይም አይመችም፤ ይህ በረቂቁ የለም። በቅጹ አናት ላይ «የተሰጡ ሌሎች መድኃኒቶች» የሚል ሳጥን ይግባ። ይህን ስል ቅጹን ተቀብያለሁ ማለቴ አይደለም።

ጸሐፊ
ሳጥኑ ገብቷል። ፌንታኒል ያለቀበት ቀን የሚመዘገብበት ዓምድም አክያለሁ፤ መሣሪያ ቢኖረንም ቁጥሩ ስጡ ሲለን የሚሰጥ ከሌለ ምን ዋጋ አለው?

ሒሳብ ያዥ
ይህ ዓምድ ብቻውን ለአስተዳደሩ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። በየወሩ ስንት ቀን ያለ ፌንታኒል እንደምንሠራ ቢታይ መልስ ያገኝ ይሆናል።

አባል፣ ከዞን ሆስፒታል
እኛንም አስገቡን። መሣሪያው ባሕር ዳር ቢገዛ ለእኛ የሚደርሰን የለም፤ ቅጹ ግን ይደርሰናል።

ሰብሳቢ
እንግዲህ ማመልከቻው ወደ ምን እየተለወጠ እንደሆነ ልብ በሉ። መሣሪያ ልንገዛ ነው የተነሳነው፣ አሁን የመድኃኒት እጥረት ሪፖርትና የኅትመት ጥያቄ ሆኗል። አልቃወምም፤ ነገር ግን መሣሪያው በአባሪ እንዲቆይ እንጂ እንዲጠፋ አልፈልግም።

ጸሐፊ
አባሪ 3 አድርጌዋለሁ። ዋናው ጥያቄ ቅጽ ማሳተም፣ የእጅ ባትሪ መግዛትና የፌንታኒል ክምችት መከታተያ ሆኗል። ርዕሱንም አስተካክዬዋለሁ። ቀዶ ሐኪሙ የሚፈርምበትን ቦታ አውጥቼ «ምላጭ ያረፈበት ሰዓት» የሚል መስመር ተክቼበታለሁ።

አባል፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል
ሰዓቱን የሚሞላው ማን ነው?

አባል፣ የማህፀንና ጽንስ ክፍል
የቀዶ ክፍል ነርሷ።

አባል፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል
እሷም ትፈርም እንግዲህ።

ሒሳብ ያዥ
ፊርማ በጨመራችሁ ቁጥር ገጹ ይረዝማል። ካርቦን ያለው ሁለት ቅጂ ይሁን ወይስ አንድ? ሁለት ከሆነ ወጪው ያድጋል፤ አንድ ከሆነ ከሕመምተኛው መዝገብ ጋር ይሄድና ማኅበሩ የሚደምረው ነገር አይቀረውም። ዋጋ ጠይቆ የሚመለስ ሰው ስሙን እዚህ ይጻፍ።

መምህር
ሁለት ቅጂ ይሁን።

ሒሳብ ያዥ
ስሙን የሚጽፍ አልኩ።