ክርክር፦ የስታሊንግራድን ዘመቻ በጀርመን በኩል መጫወት ነውር አለው?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ ላልነበራችሁ፣ «ሰባተኛው ዙር» የኮምፒውተሩን ፎቶ ለጠፈ። ጌሙ ዩኒቲ ኦፍ ኮማንድ ነው። በ2011 የወጣ፣ እንደ ገበጣ በየተራ የሚጫወቱት፣ ጀርመንና ሶቪየት ስለተዋጉበት የ1942/43ቱ የስታሊንግራድ ዘመቻ የተሠራ። ልጁ ጀርመንን ይዞ ከተማዋን ያዘና «ድል በድል!» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አታንሱት። ስድብ ያለበትን ሁሉ ሰርዣለሁ። ዛሬ በጨዋ ደንብ እንነጋገር፤ ወራሪውን ወገን ይዞ መጫወት ነውር አለው ወይስ የለውም? ቀኑ በፈረንጅ ይሁን፣ የኛን ስትጠቅሱ ዓ.ም. በሉ።

ሰባተኛው ዙር፦
በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለም እንዴ? ሂትለርን የደገፍኩ አስመሰላችሁኝ። ካርታው ባለ ስድስት ጎን ቤቶች ነው፣ በመሃሉ የባቡር ሐዲድ ያልፋል። ከሐዲዱ የራቀ ጦር ስንቅ አይደርሰውም፣ ስንቅ ያጣ በየዙሩ እየደከመ ይሄዳል። ጀርመኖቹ ለምን እንደተሸነፉ የገባኝ እነሱን ይዤ ስጫወት ነው። ዙር እንዳያልቅብህ ወደ ቮልጋ ወንዝ ትሮጣለህ፣ ዞር ስትል ጎንህን የሚጠብቁት በቂ ታንክ ማስቆሚያ የሌላቸው ሮማኒያውያን ናቸው። ሶቪየቶች ኖቬምበር 19 ቀን በነሱ በኩል ገቡ፣ በአራት ቀን ካላች በምትባል ከተማ አካባቢ ቀለበቱ ተዘጋ። የኔ አልተዘጋም። የጮኽኩት ለዚያ ነው።

ከነታንያ፦
ወንድሜ፣ ስለ ሐዲዱ አመሰግናለሁ። ያ በማውስ የምትገፋው የጀርመን ስድስተኛ ጦር ስታሊንግራድ ከመድረሱ በፊት የት እንደነበረ ጌሙ ይነግርሃል? በኦገስት 1941 ዩክሬን ውስጥ ቢላ ጸርክቫ በምትባል ከተማ፣ ወላጆቻቸው የተገደሉባቸው 90 ያህል የአይሁድ ሕፃናት እንዲገደሉ የፈቀደው የዚያው ጦር አዛዥ ራይሄናው ነው። በወሩ ኪየቭ አጠገብ ባቢ ያር ላይ በሁለት ቀን 33,771 ሰው ተረሸነ። እዚህ እስራኤል በሆሎኮስት መታሰቢያ ቀን ሳይረን ሲነፋ መኪናው ሁሉ ይቆማል፣ ሾፌሩም ወርዶ ይቆማል። ባለፈው ዓመት አጠገቤ የነበሩ አሮጊት የሽንኩርት ፌስታላቸውን አስፋልቱ ላይ አስቀምጠው ቆሙ። ሳይረኑ ካበቃ በኋላም ፌስታሉን ለማንሳት ጊዜ ወሰደባቸው። «ድል በድል»ን ሳነብ የታዩኝ እሳቸው ናቸው።

ሰባተኛው ዙር፦
እህቴ፣ እኔ የያዝኩት ከራይሄናው ቀጥሎ ጦሩን ያዘዘውን ፓውሉስን ነው። በ1942 መጀመሪያ ሲሾም፣ ራይሄናው በአይሁድ ላይ ጨክኑ ብሎ ያወጣውን ትእዛዝ ሽሯል።

ከነታንያ፦
ሕፃናቱ እኮ የሞቱት እሱ ከመሾሙ በፊት ነው። የቱን ሊሽርላቸው?

ዲሲ ያለሁ፦
እኔ ከልጁ ጋር ነኝ። ጠላትን ሆኖ የሚጫወት ከሌለ የጦር ጨዋታ ዋጋ የለውም። ነገሩ የተጀመረውም ለዚሁ ነው፤ በ1824 የፕሩሲያ መኮንኖች ካርታ ዘርግተው በሁለት ወገን ተከፍለው ይማሩበት ነበር። ወገናቸው እንዳይሸነፍ ያዳሉ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው ደግሞ እዩ። ጃፓኖች በሜይ 1942 የሚድዌይን ዘመቻ በጠረጴዛ ላይ ሲሞክሩ ዳይሱ መርከቦቻቸውን ዘጠኝ ቦምብ መታቸው፣ ሁለት ሰጠሙ አለ። ዳኛው አድሚራል ኡጋኪ ወደ ሦስት አወረደው፣ ከሁለቱ አንዷም ተረፈች። በሚቀጥለው ወር በእውነተኛው ባሕር ላይ አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሰጠመባቸው። ይህን ካልኩ ዘንድ ሁሉንም ጌም አልከላከልም። የ1994ቱ ፓንዘር ጀነራል ዘመቻው በጀርመን በኩል ብቻ ነው፣ በደንብ ካሸነፍክ ዋሽንግተን ድረስ ይወስድሃል። እኔ ሰፈር ማለት ነው።

የማይጨው የልጅ ልጅ፦
ዲሲ ሲደርስ ተሰማህ አይደል? እንግዲያው እኔም ልጠይቅ። ባዶሊዮን ይዞ አዲስ አበባ የገባ ሰው «ድል በድል» ቢል ላይክ ትሰጡታላችሁ? ሃርትስ ኦፍ አይረን 4 (በተራ አይደለም፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው የሚጫወቱት) በጃንዋሪ 1936 ሲጀምር ጣሊያንና ኢትዮጵያ ጦርነት ላይ ናቸው። ጣሊያንን የያዘ አንድ የፈረንጅ ልጅ ሲጫወት ቪዲዮ አየሁ። እኛን ቶሎ ጨርሶ ወደ «ዋናው ጦርነት» ለመሄድ ቸኩሏል። ለካ ማሟሟቂያ ነን! ቅድመ አያቴ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ነበር። ወደ አሸንጌ ሲያፈገፍጉ ከላይ የወረደባቸው መርዝ እግሩን ልጦት፣ አያቴ እንደምትለው እስኪሞት ድረስ ጫማ አላደረገም። ጣሊያን መርዙን በይፋ ያመነችው በ1996 ነው። ያ ልጅ ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ጌሙም እንዲያውቅ አላስቸኮለውም።

ወሎ፦
እኔ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ካርታ ላይ ቀስት ማየት አልችልም። ያኔ ፌስቡክ ላይ ሁሉም ጄኔራል ነበር። «ተቆረጠ፣ ተከበበ» እያለ ቀስት ይስላል። እኛ የቀስቱ ጫፍ ያረፈበት ከተማ ውስጥ ነበርን። ይኸው ነው። ተከራከሩ።

ስንቅና ትጥቅ፦
ልጆች፣ ጌም አላውቅም። ትናንት ልጄ አጠገቡ አስቀምጦ አሳየኝ። እኔ በደርግ ጊዜ ሰሜን ነበርኩ፣ ሥራዬ በኡራል ጭኖ ወደ ግንባር ማድረስ። ስለ ስንቅ ጌሙ አልዋሸም፤ ሐዲድህን ያጣህ ቀን አብቅቶልሃል። ስድስተኛው ጦር ሲከበብ በአውሮፕላን እንቀልባችኋለን ተባለ። በቀን ቢያንስ 300 ቶን ያስፈልግ ነበር፣ የደረሰው በአማካይ 100 ገደማ ነው። ለ250,000 ሰው አካፍሉት፤ ለአንድ ሰው 400 ግራም ይመጣል። ዳቦው ብቻ አይደለም፣ ጥይቱም ነዳጁም ፋሻውም ተደምሮ! ከተማረኩት 91,000 ሰዎች አገራቸው የገቡት 6,000 አይሞሉም፤ ሲማረኩ ቀድሞውንም በረሃብ መንምነው ነበር።

ግን ልጄን አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ «ውኃው የቱ ነው?» አልኩት። የለም። ጥይቱም ውኃውም ኮቾሮውም አንድ ላይ «ስንቅ» ነው። እኛ ዘንድ ጥሉ እዚያ ላይ ነበር። መኪናው አንድ ነው፣ መንገዱ ቀን ቀን ይመታል። ጥይት ሞልቼ ስሄድ ልጆቹ ባዶ ጀሪካን እያንቋቁ ይቀበሉኛል፣ ኮቾሮ ያለ ውኃ አይወርድማ። ውኃ ጭኜ ስሄድ አዛዡ ሽጉጥ ያወጣብኛል። ሁለቱንም አድርጌያለሁ። የትኛው ትክክል እንደነበር ዛሬም አልተስማማሁም ከራሴ ጋር።

ልጁ ይጫወት። ነውሩ ጀርመንን መያዙ ላይ አልታየኝም። አፉ ላይ ነው። ጨረስኩ ማለት ይችል ነበር።

ዲሲ ያለሁ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ቃል መቀየር ምን ይፈይዳል? ጌሙ ራሱ ነው «ድል» ብሎ የሚጽፍለት።

ስንቅና ትጥቅ፦
ለኛም ይጻፍልን ነበር እኮ፣ በሬዲዮ። መድገም ግዴታ አልነበረም።

ከነታንያ፦
በዚህ ከጋሼ ጋር ነኝ፣ በሌላው አይደለሁም። እኔ ቤት አይገባም።

ሰባተኛው ዙር፦
ፎቶውን አነሳሁት። ተሸንፌ አይደለም፤ አሮጊቷ ስለከበዱኝ ነው። ማታ በሶቪየት በኩል ጀመርኩ፣ ቀለበቱን ልዘጋ አንድ ዙር ሲቀረኝ አመለጡኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ቢኖሩ ነዳጁን የት ያስቀድሙ ነበር?

ስንቅና ትጥቅ፦
በስልክ ይሠራል?

ሰባተኛው ዙር፦
ኮምፒውተር ይፈልጋል።

ስንቅና ትጥቅ፦
እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጄ ቤት ነኝ። ካርታውን ይዘህ ና፣ ድልድዮቹን አሳየኝ።