«ማ» በስንት ቋንቋ ስንት ነገር ናት?

ቃል ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። «ማ» የምትለዋን ድምፅ ውሰዱ። በዕብራይስጥ «ምን» ማለት ናት። በዓረብኛም «ምን» ናት፣ ግን እዚያው ዓረብኛ ውስጥ ማፍረሻም ትሆናለች፤ «ማ ከተበ» ካላችሁ «አልጻፈም» ነው። እኛ «ማ ነገረሽ?» ስንል ስለ ሰው ነው የምንጠይቀው። በጣሊያንኛ «ግን» ናት። በፈረንሳይኛ በሴቴ ፆታ ስም ፊት ስትመጣ «የእኔ»። በፖላንድኛ «አለው» ወይም «አላት»። በሃንጋሪኛ «ዛሬ»፣ በኢስቶኒያኛ «እኔ»፣ በሂንዲ ደግሞ ወደ አፍንጫ ሳብ ስትደረግ «እናት»።

አንድ ቪዲዮ ላይ ይህ ሁሉ የዓለም ቋንቋዎች ከአንድ ምንጭ ለመቀዳታቸው ማስረጃ ነው ሲባል ሰማሁ። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን አልተዋጠልኝም። ቃሉ አንድ ከሆነ እንዴት ከ«ምን» ተነስቶ «ዛሬ» ላይ ይደርሳል? እውነተኛውን ዝምድና ከአጋጣሚው በምን እንለያለን? ቋንቋ ያጠናችሁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

የሰዋስው ወዳጅ

እህቴ፣ ያልተዋጠልሽ በደንብ ነው። እስቲ ከቁጥሩ እንጀምር። ፊደላችን 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። እንደ ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ስታወጪ ከ200 በታች ይቀራል። በአንድ ፊደል የሚያልቅ ቃል ልፍጠር ብትዪ ያለሽ ይኸው ነው። ዓለም ላይ ደግሞ ወደ 7,000 ገደማ ቋንቋ አለ። «መ»ም ሆነ አፍ ተከፍቶ የሚወጣው «ኣ» የሌለበት ቋንቋ ስንት ተፈልጎ ነው የሚገኘው። በዚያ ላይ ሁሉም ቋንቋ ከአፍ የማይጠፉትን ነገሮች፣ «ምን»ን፣ «ግን»ን፣ «የእኔ»ን፣ አጫጭር ቃላት ላይ ነው የሚጭናቸው። እንዲህ እየሆነ «ማ» ባትደጋገም ነበር የሚገርመው።

ትርጉም ጭምር የሚገጥምበት ጊዜም አለ። የፋርስኛው «በድ» እና የእንግሊዝኛው «ባድ» ሁለቱም «መጥፎ» ናቸው፣ ግን አይዛመዱም። የፋርስኛው በጥንቱ ዘመን «ወድ» ነበር የሚባለው። ሰሜን ኩዊንስላንድ ውስጥ ይነገር የነበረው ምባባራም የሚባለው የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ደግሞ ውሻን «ዶግ» ይለዋል፣ ልክ እንደ እንግሊዝኛው። መነሻው ግን «ጉዳጋ» ነው፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ተቆርጦ እዚህ ደረሰ። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሁለት ቃል ስለተመሳሰለ ብቻ «ዘመድ ናቸው» የሚለኝን ሰው አላምንም።

ዝምድና የሚታወቀው ልዩነቱ ሥርዓት ሲኖረው ነው። ይኼን እይ፦ እኛ «ስም» ስንል ዕብራይስጥ «ሼም» ይላል። «ራስ» ስንል «ሮሽ»፣ «ሰማ» ስንል «ሻማዕ»፣ «ሰባት» ስንል «ሼቫ»። እኛ «ሰ» ባልንበት እነሱ «ሸ» ይላሉ፣ ደግሞም አንዴ ሁለቴ ብቻ አይደለም፣ ቃል በቃል ይቀጥላል። አጋጣሚ እንዲህ አይደረድርም።

ቃል ፈላጊ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ይኼ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ነገር ግልጽ አድርጎልኛል። ታዲያ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ የትኞቹ ናቸው ዘመዳሞች?

የሰዋስው ወዳጅ

የዕብራይስጥ፣ የዓረብኛ እና የእኛ ዘመዳሞች ናቸው። የሴም ቋንቋዎች «ማን»ን እና «ምን»ን በ«መ» ነው የሚጀምሩት። ጥንት በዛሬዋ ኢራቅ ይነገር የነበረው አካድኛ «ማኑ» ሲል «ማን»፣ «ሚኑ» ሲል «ምን» ነበር። ግዕዝ «መኑ» እና «ምንት» ይላል። ዘመድ ሆነውም ግን ትርጉም ይቀያየራሉ፦ «ሚ» በግዕዝ «ምን» ስትሆን በዕብራይስጥ «ማን» ናት። ማፍረሻ የሆነችው የዓረብኛ «ማ»ም ከጥያቄዋ ወጣች የሚሉ አሉ። «ምን ጻፈና!» ስንል እኮ «አልጻፈም» ማለታችን ነው፣ ስለዚህ ለእኔ ያስኬዳል።

የሚጣፍጠው ግን የፈረንሳይኛና የጣሊያንኛው ነው። ሁለቱም የላቲን ልጆች ስለሆኑ «ማ» እና «ማ» አንድ ቃል ይመስላሉ። አይደሉም። የጣሊያንኛው «ግን» ከላቲኑ «ማጊስ» ነው የመጣው፣ «የበለጠ» ማለት ነው። የፈረንሳይኛው «የእኔ» ግን ከ«ሜያ» ነው። የጣሊያንኛዋ «ማ» እውነተኛ እህት ፈረንሳይኛ ውስጥ «ሜ» ናት፣ እሷም «ግን» ማለት ናት። የሚመሳሰሉት ባዳ ሆነው የማይመሳሰሉት እህትማማች ሆኑ ማለት ነው። ሃንጋሪኛና ኢስቶኒያኛም እንደዚሁ ናቸው። በሩቅ ይዛመዳሉ፣ ግን «ማ»ዎቻቸው አይተዋወቁም። ዝምድናቸው የሚታየው ዓሣን ኢስቶኒያኛ «ካላ»፣ ሃንጋሪኛ «ሃል» ሲሉት ነው። ሦስትንም አንደኛው «ኮልም» ሲል ሌላኛው «ሃሮም» ይላል። «ከ» በ«ሀ» ተተካ።

ቻይንኛ ተማሪ

እንዴት ቻይንኛን ትረሳላችሁ! እዚያ «ማ» አንድ ቃል አይደለችም። ድምፅን ከፍ አድርጎ እዚያው መያዝ «እናት» ነው። ከታች ወደ ላይ ሲነሳ የቃጫ ተክል ይሆናል። ዝቅ ብሎ መለስ ሲል «ፈረስ»፣ ከላይ ወደ ታች ሲወረወር «መስደብ»። ያለ ምንም ዜማ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ስትመጣ ደግሞ መጠየቂያ ናት። «እናቴ ፈረሱን ትሰድባለች ወይ?» ለማለት በእኛ ፊደል ቢጻፍ «ማማ ማ ማ ማ?» ነው የሚሆነው። ለቻይና ሰው ግን ምንም የሚያምታታ ነገር የለውም፣ ምክንያቱም ዜማው የቃሉ አካል ነው።

እኛም ፊደላችን የማያሳየው ነገር አለን። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው። «ዋና»ም ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ደግሞ «አውራ» ማለት ነው። የውጭ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል፣ እኛ ግን ተሳስተን እንኳ አናምታታቸውም። ስለዚህ «አንዲት ቃል በብዙ ቋንቋ» ስንል መጀመሪያ በእርግጥ አንድ ድምፅ ናት ወይ ብለን መጠየቅ አለብን። ቬትናምኛ «ማ»ን በስድስት ዜማ ለይቶ ሙት መንፈስ፣ እናት፣ ግን፣ መቃብር፣ ፈረስ፣ የሩዝ ችግኝ ይላታል።

አንባቢ

ሁሉም አጋጣሚ ነው የሚለውን እኔ አልቀበልም። «ማማ» በየአገሩ እናት የሆነችው በአጋጣሚ ነው ልትሉኝ ነው? ሂንዲም ቻይንኛም ቬትናምኛም ላይ እናት ሆና ስናገኛት ዝም ብለን ማለፍ ያለብን አይመስለኝም።

የሰዋስው ወዳጅ

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ አጋጣሚ አይደለም። ግን የቋንቋ ዝምድናም አይደለም። ሮማን ያኮብሰን የሚባለው የቋንቋ ሊቅ በ1950ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ያቀረበው ማብራሪያ ይኼ ነው፦ ሕፃን ጡት ይዞ ከንፈሩ ሲዘጋ ድምፅ የሚወጣለት በአፍንጫው ብቻ ነው፣ እሱም «ምም» ነው። በኋላ ሲርበው ወይም እናቱን ሲፈልግ ያንኑ ያሰማል። ከንፈሩ ሲከፈት «ማ» ይሆናል። ቃል የምናደርገው እኛ አዋቂዎቹ ነን፣ «እኔን ጠራኝ» ብለን። ስለዚህ በየቦታው እንደ አዲስ ይፈጠራል። ወላጅ በራሱ መንገድ ስለሚተረጉመውም በጆርጂያኛ «ማማ» አባት ነው፣ እናት «ዴዳ» ትባላለች።

ቃል ፈላጊ

የጆርጂያኛው በጣም ገረመኝ! አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። «እኔማ»፣ «ናማ» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው የእኛው «ማ»፣ ከ«ማ ነገረሽ» ጋር አንድ ናት?

የሰዋስው ወዳጅ

በሚሠሩት ሥራ አይገናኙም። «ማ ነገረሽ» ውስጥ ያለችው «ማን» አጥራ ነው፣ ራሷን ችላ ትቆማለች። «እኔማ ነግሬው ነበር» ውስጥ ያለችው ግን ብቻዋን አትቆምም፣ ሌላውን ትተሽ እኔን እይኝ ለማለት ቃሉ ላይ ትለጠፋለች። «ናማ» ላይ ደግሞ ትእዛዙን ታለሳልሳለች፣ ወይም እንደ አነጋገሩ ታጠብቀዋለች። አንድ አፍ ላይ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ትሰሚያለሽ፦ «እሱንማ ማ ይችለዋል?»