የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬት፦ ከጎንደር ተነስቶ ያስኬዳል?

የመሪጌታ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ማስተርሴን በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ጨርሻለሁ፣ አሁን ዶክትሬት መቀጠል እፈልጋለሁ። የምፈልገው ደግሞ የመካከለኛውን ዘመን ነው፤ የ14ኛውን ክፍለ ዘመን ገጣሚ ቾሰርን፣ ከእሱ በፊት ያለውን፣ ጥንታዊውን የጀግና ግጥም ቢዎውልፍንና ያን ሁሉ። ለሰው ስናገር መጀመሪያ የምሰማው «ለእኛ አገር ምን ይሠራል?» የሚል ነው። አንድ ባልደረባዬማ በቋንቋ ማስተማር ዘዴ ብታመለክቺ ይሻልሻል፣ ከጎንደር ተነስቶ ቢዎውልፍ ላጥና የሚል ሰው ማን ይቀበላል አለኝ። እኔ ግን የምወደው ይኼን ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ግዕዝ ንባቡንም ሰዋስዉንም ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። ላቲን ግን አልችልም። የት ባመለክት ይሻላል? ላቲን ባለመቻሌ ይጥሉኛል? ከጨረስኩ በኋላስ ሥራው እንዴት ነው? የምታውቁ እባካችሁ ሳትደብቁ ንገሩኝ።

ካናዳ ያለሁት፦

እህቴ፣ እኔ በዚሁ ዘርፍ ዶክትሬት እየሠራሁ ነው። መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር ፒኤችዲ ሦስት አራት ዓመት ነው፣ ክፍያው ለውጭ ተማሪ በጣም ውድ ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደግሞ የጥናት ፕሮፖዛል ይዘሽ መግባት አለብሽ። ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ብቻ ነው። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕም አይሆንሽም፣ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። አሜሪካና ካናዳ ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኮርስ ናቸው፣ ከዚያ ፈተና፣ ከዚያ ነው መመረቂያ ጽሑፉ የሚጀመረው። ጥሩ ፕሮግራም ከሆነ የትምህርት ክፍያውንም ችሎ የመኖሪያ ይሰጥሻል፣ አንቺ በምላሹ በረዳትነት ታስተምሪያለሽ። ላቲን የሌለው ሰው ቋንቋውን የሚማርበት ጊዜ የሚያገኘው በዚህኛው መንገድ ነው። ላቲን ባለመቻልሽ ብቻ አይጥሉሽም፣ ግን መጀመርሽን ማየት ይፈልጋሉ።

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲን በደንብ እዪው። የመካከለኛው ዘመን ጥናት ማዕከል አለው፣ ላቲን ላይ ቀልድ የለም፣ ትልቁ የጥንታዊ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚዘጋጀውም እዚያው ነው። ግዕዝም ይሰጣል፤ አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊኬንድ ማለቴ ነው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ገንዘብ የሰጠበት ትምህርት ነው። ግዕዝሽን ማመልከቻው ላይ ከላይ ጻፊው። ከታች «ሌሎች ቋንቋዎች» ውስጥ እንዳትቀብሪው!

የብራና ወዳጅ፦

«ለእኛ አገር ምን ይሠራል» ለሚሉሽ ሰዎች እኔ ልመልስላቸው። ቢዎውልፍ ያለው በአንድ ብራና ብቻ ነው። በ1731 እ.ኤ.አ. በለንደን ቃጠሎ ዳር ዳሩ ተለብልቦ ተረፈ፣ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ወደ መቅደላ ካጋዟቸው፣ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከዘረፋቸው መጻሕፍት ብዙዎቹም ያሉት እዚያው ቤተ መጻሕፍት ነው። በዚያው በቢዎውልፍ ጥራዝ ውስጥ እስክንድር ለአርስጣጣሊስ ላከው የሚባል ደብዳቤ አለ፣ ስለ ዮዲት የተጻፈ ግጥምም አለ። የእስክንድር ታሪክ በግዕዝም አለን፣ መጽሐፈ ዮዲትም አለን።

ቢዎውልፍ የሚዋጋው ጭራቅ ግሬንዴል ከግዙፋኑ ጋር የቃየል ዘር ነው ይላል ግጥሙ። የግዙፋኑን ነገር በሰፊው የሚተርከው መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ ጎንደር ተቀምጦ ሄዶ ነው ለአውሮፓ ያደረሰው። ፊሳልጎስ የሚባለው የእንስሳቱ መጽሐፍም በግዕዝም አለ፣ በጥንታዊ እንግሊዝኛም በግጥም አለ። ቾሰር ዘንድ ስትደርሺ ደግሞ አንዲት የገዳም እመቤት የምትተርከው የእመቤታችን ተአምር አለ። የእኛ ተአምረ ማርያም መነሻው ከምዕራብ አውሮፓ ነው፣ በዐረብኛ በኩል አልፎ ነው የመጣው። አንድ ምንጭ ነው ሁለቱንም ያጠጣው። ይኼን ከልጅነቱ ሲሰማ ያደገ ሰው ስንት አላቸው እነሱ?

ተመልሼ የመጣሁ፦

ከላይ የተባለው እውነት ነው፣ ደስም ይላል፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። «ግዕዝና እንግሊዝኛ አነጻጽራለሁ» ብቻ ብለሽ ከሄድሽ የእንግሊዝኛው ክፍል የኢትዮጵያ ጥናት ነው ይልሻል፣ የኢትዮጵያ ጥናቱ ደግሞ የእንግሊዝኛ ነው ይልሻል፣ መሀል ላይ ትቀሪያለሽ። መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ሰው ሁኚ። አንድ ጽሑፍ ያዢ፣ በመጀመሪያ ቋንቋው አንብቢው። ግዕዙ ሌላው ያላየውን ያሳይሽ።

ሥራን በተመለከተ አልዋሽሽም። በዚህ ዘርፍ ውጭ አገር የሚከፈተው ቋሚ ቦታ ትንሽ ነው፣ አመልካቹ ብዙ ነው። ጎበዝ ጎበዝ ሰዎች በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት ከከተማ ከተማ ሲዞሩ አይቻለሁ። አገር ቤት ስትመለሺ ደግሞ የሚሰጥሽ የአንደኛ ዓመት እንግሊዝኛ ነው። እኔ ስመለስ የነበርኩበት ዩኒቨርሲቲ ለአንድም ዓመት የሙያዬን ኮርስ አልሰጠኝም። ስለዚህ የትምህርት ፈቃድ ስትወስጂ ውሉን በደንብ አንብቢ፦ ደሞዝሽ ይቀጥላል ወይ፣ ስንት ዓመት ተመልሰሽ ታገለግያለሽ፣ ካልተመለስሽ ዋሶችሽ ምን ይከፍላሉ። ሁሉንም በጽሑፍ።

እዚያ እያለሽ የእጅ ጽሑፍ ንባብና የካታሎግ ሥራ ተማሪ። ሥነ ጽሑፍ ብቻ የተማረ ሥራ ሲያጣ ብራና ማንበብና መመዝገብ የሚችል ይፈለጋል፤ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት እና ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ብራናዎች ላይ ይሠራሉ።

የመሪጌታ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሌሊቱን ስታስቡልኝ ያደራችሁ ነው የመሰለኝ። የቾሰርን የእመቤታችን ተአምር እይዛለሁ። ማስተርስ እያለሁ በዘመናዊ እንግሊዝኛ አንብቤዋለሁ፣ በአይሁድ ላይ ያለው ጥላቻ ግን አስጨንቆኝ ነበር። ወለቃ ከዚህ ቅርብ ነው፣ ቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻችን ነበሩ፣ እና እንዲህ ያለ ተአምር ሲነበብ ሰሚው ምን ይሰማው ነበር ብዬ አስባለሁ። ይኼን መጠየቅ ይቻላል?

ካናዳ ያለሁት፦

ይቻላል ብቻ አይደለም፣ ስለዚያ ተረት ትልቁ ክርክር እሱ ነው። በቃ ፕሮፖዛልሽን ከዚህ ጀምሪ፣ የወለቃንም ነገር ጻፊው። ማመልከቻው ባብዛኛው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ይዘጋል። ከዚያ በፊት ላቲን በኦንላይን ጀምሪ፣ ቾሰርንም በራሱ እንግሊዝኛ አንብቢው፣ ድምፅሽን አውጥተሽ ካነበብሽው ይቀልሻል። ናሙና ጽሑፍሽን ስትጨርሺ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።