ከሶርስ የገነባሁት ፖስትግሬስ ላይ 9 ቴስቶች ወደቁ፤ ግንባታዬ ተበላሽቶ ይሆን?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል። ፖስትግሬስ የተባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር ከሶርስ ኮዱ ራሴ ኮምፓይል አድርጌ (ገንብቼ) ነው የምጠቀመው። እንደገነባሁት ቴስቶቹን የሚያስኬደውን «ሜክ ቼክ» የሚል ትእዛዝ ሰጠሁ፤ ሁሉም ቴስት አለፈ። ከዚያ ኢንስቶል አደረግኩና እንዲፈጥንልኝ ቅንብሩን ነካካሁ። ወርክ ሜምን (ለአንድ ሥራ የሚፈቀደውን ማስታወሻ) ከ4 ወደ 64 ሜጋባይት አሳደግኩ፣ ራንደም ፔጅ ኮስትን (ከዲስክ በዘፈቀደ የማንበብን ግምታዊ ዋጋ) ከ4 ወደ 1.1 አወረድኩ። አንድ ትንሽ ፓችም (የኮድ ለውጥ) ጨመርኩበት። ጽሑፍ ከተፈቀደለት ርዝመት ሲያልፍ ከሚወጣው የስህተት መልእክት ሥር አንድ መስመር ጥቆማ ያሳያል።

ዛሬ በተነሳው ሰርቨር ላይ «ሜክ ኢንስቶልቼክ» ብል 9 ቴስቶች ወደቁ። ጆይን (ሰንጠረዦችን ማገናኘት)፣ ቫርቻር (ርዝመቱ የሚገደብ ጽሑፍ) እና ዶሜይን (ገደብ የሚጨመርበት የዳታ ዓይነት) የሚባሉት ይገኙበታል። የሰው መረጃ የሚቀመጥበት ነውና እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም። ከየት ልጀምር?

መልስ 1

አይዞሽ፣ ቁጥሩ አያስደንግጥሽ። ቴስቱ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ቋንቋ) ፋይሉን ያስኬድና የወጣውን ጽሑፍ «ኤክስፔክትድ» ፎልደር ውስጥ ካለው የሚጠበቅ መልስ ጋር መስመር በመስመር ያስተያያል። አንዲት ቃል ከተለየች ወደቀ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ «ሪግሬሽን ዲፍስ» የሚለውን ፋይል ክፈቺ። በመቀነስ ምልክት የሚጀምረው መስመር የተጠበቀው ነው፣ በመደመር የሚጀምረው ያንቺ ሰርቨር የመለሰው።

ደግሞ ሁለቱ ትእዛዞች አንድ አይደሉም። ሜክ ቼክ የራሱን ጊዜያዊ ሰርቨር አስነስቶ ይፈትናል፤ ያንቺን ቅንብር አያየውም። ኢንስቶልቼክ ግን ያንቺው ሰርቨር ላይ ነው የሚሮጠው። በሁለቱ መሃል ቅንብሩንም ኮዱንም ቀይረሻል። ለያዪያቸው። ፓቹ እንዳለ ሆኖ ሜክ ቼክን ድገሚው። በሩት ዩዘር (በኮምፒውተሩ ዋና አስተዳዳሪ ስም) እንዳትሞክሪው፣ እምቢ ይልሻል።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ! ደገምኩት። ጆይንና ሌሎቹ አለፉ፣ ቫርቻርና ዶሜይን ግን አሁንም ወደቁ። የጆይንን ልዩነት ሳየው የመልሱ ረድፎች ያው ናቸው። የተለየው «ኤክስፕሌን» የተባለው ትእዛዝ የሚያወጣው ፕላን (ጥያቄው የሚፈጸምበት መንገድ) ብቻ ነው።

መልስ 2

እህቴ፣ እሱ ከቅንብሩ የመጣ ነው። የማስታወሻውን መጠንና የዲስኩን ዋጋ ስትቀይሪ ፕላኑን የሚያወጣው ፕላነርም ሌላ መንገድ ይመርጣል። ቴስቶቹ የተጻፉት ነባሪውን ቅንብር ታሳቢ አድርገው ነው። ኦርደር ባይ (ረድፎችን በቅደም ተከተል አስቀምጥ የሚል ትእዛዝ) የሌለበት ጥያቄም የረድፎቹ ቅደም ተከተል ሊለዋወጥበት ይችላል፤ ያም ስህተት አይደለም።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። ኢንስቶልቼክ «ሪግሬሽን» የሚባል ዳታቤዝ ካገኘ አጥፍቶ እንደ አዲስ ይፈጥረዋል። በዚህ ስም ያስቀመጥሽው ነገር ካለ አለቀለት። የሰው መረጃ ያለበት ሰርቨር ላይ ባታስሮጪው ይሻላል፤ ለፈተና ብቻ ሌላ ክላስተር (ራሱን የቻለ የዳታቤዞች ስብስብ) አስነሺ።

ቫርቻርና ዶሜይን የወደቁት በፓችሽ ነው፣ ጥቆማሽ እዚያ ገብቷል። ታዲያ ሰርቨርሽ የመለሰው በሚቀመጥበት «ሪዛልትስ» ፎልደር ውስጥ ያለውን እንዳለ ወደ «ኤክስፔክትድ» እንዳትገለብጪው። እያንዳንዱን የመደመር መስመር አንብቢ። «ይህን አስቤ ነው ያደረግሁት» የምትይውን ብቻ በእጅሽ አስገቢ።

ጠያቂዋ

ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ሁሉም የእኔው የጥቆማ መስመር ነው፣ ሌላ ምንም አልተነካም። ግን በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ላይ ስደርስ ዓይኔ አንድ ቃል ላይ ቆመ። ጥቆማው ላይ አንድ ፊደል ገድፌያለሁ! ኮዱን ስጽፍ አላየሁትም። ገልብጬው ቢሆን ኖሮ ግድፈቱ ትክክለኛ መልስ ሆኖ ይቀመጥ ነበር፣ ቴስቱም ሁልጊዜ ያልፍ ነበር። አስተካክዬ፣ የተጠበቁትን ፋይሎች በእጄ አርሜ፣ ሜክ ቼክን እንደገና አስሮጥኩ። ሁሉም አለፈ። ለፈተናው ክላስተርም የተለየ ፎልደርና የተለየ ፖርት ሰጥቼዋለሁ።