የስራ ግሩፓችንን ዜና ወረሰው፣ እባካችሁ መላ በሉኝ

ሰላም ናችሁ፣ ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ አንድ አከፋፋይ ጋ ስቶር ኪፐር ነኝ። ትዕዛዝ የሚመጣልን በቴሌግራም ግሩፕ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ከየቻናሉ ፎርዋርድ የተደረገ ዜና ነው የሚዘንብበት፣ አንዱን ወሬ አራት ሰው ይለጥፈዋል፣ ግማሹ ደሞ የድሮ ቪዲዮ ሆኖ "ሰበር" ተብሎ ይመጣል።

ማክሰኞ ማታ ስራ አስኪያጁ "ጠዋት 12 ሰዓት መኪና ይመጣል፣ 40 ካርቶን ዘይት አዘጋጅ" ብሎ ጽፎ ነበር፣ ከስሩ 90 ምናምን መልዕክት ተደርድሮበት ሳላየው አደረ። ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ ሲደውል ነው የሰማሁት። ስራ አስኪያጁ በሰው ፊት ተቆጣኝ፣ በጣም ነው የከፋኝ።

አውቶ ዳውንሎዱን አጥፍቼ ፓኬጄ ትንሽ ተርፎልኛል፣ እሱ ይሁን። ግሩፑን ሚዩት ባደርገውም ስሜ ታግ ሲደረግ ወይ ሪፕላይ ሲመጣልኝ ይጠራል፣ ስራ አስኪያጁ ግን ታግም አያደርግ ፒንም አያደርግ፣ ዝም ብሎ ይጽፋል። በቶፒክ ከፍሎ ዜናውን ለብቻ ትዕዛዙን ለብቻ ማድረግ እንደሚቻል አይቻለሁ፣ ያንን የሚያደርገው ግን አድሚን ነው፣ አድሚናችን ደሞ በእድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ ዜናውን በብዛት የሚልኩትም እሳቸው ናቸው። ለኛ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ፣ ላስቀይማቸው አልፈልግም።

እንዲህ ያጋጠመው ሰው ካለ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? በአካል ይሻላል ወይስ በውስጥ መስመር ልጻፍላቸው? ወይስ ቀጥታ ለስራ አስኪያጁ ትዕዛዙን በኤስኤምኤስ ላክልኝ ልበለው? ቅዳሜ ሌላ ጭነት አለብን፣ ከዛ በፊት ብትመልሱልኝ።