የሾቶ ቤተሰብ፦ ከተማ መሥራች ወይስ የዱቤ ደብተር ጌታ?

ባለታክሲው፦
ሰላም ቤቶች። ሴንት ሉዊስ ውስጥ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ሾቶ ጎዳናን በቀን ስንቴ እንደምመላለስበት ቆጥሬ አላውቅም። ትናንት አንድ ተሳፋሪ "ሾቶ ማነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "ይቺን ከተማ የቆረቆረ ነጋዴ ነው" አልኩት በኩራት። አብራው የነበረችው ሴት ሳቅ ብላ "በማን መሬት ላይ?" አለች። መልስ አጣሁ። ማታ ሳነብ አደርኩና ይኸው እናንተ ዘንድ መጣሁ። ሾቶዎች በለምድ፣ ማለትም ፀጉሩ ባልተገፈፈ ቆዳ ንግድ የከበሩ ቤተሰብ ናቸው። ሞንታና ውስጥ አንድ ካውንቲ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አንድ ከተማ በስማቸው ይጠራል። የሳውዝ ዳኮታ ዋና ከተማ ፒየርም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ቤት ልጅ ነው። ይገባቸዋል ወይ? የመንገዱ ስም ይቀየር ቢባል ምን ትላላችሁ? እኔ ለጊዜው ይቆይ ባይ ነኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉልኝ፣ እንዳንምታታ።

የመርካቶ ልጅ፦
ይቆይ እንጂ! ኦጉስት ሾቶ በየካቲት 1764 ሠላሳ ያህል ሰው እየመራ ጫካውን መመንጠር ሲጀምር ዕድሜው 14 ገደማ ነበር። ቦታውን የመረጠው እንጀራ አባቱ ፒየር ላክሌድ ነው፤ ሥራውን ግን የጀመረው ልጁ ነው። እኔ በ14 ዓመቴ አጎቴ ሱቅ ስኳር ስመዝን እንኳ እሳሳት ነበር። እናቱን ደግሞ እዩልኝ። ማሪ ቴሬዝ ከባሏ ተለይታ ከላክሌድ ጋር ኖረች። ፍቺ በማይፈቀድበት ዘመን ስለነበር ከላክሌድ የወለደቻቸው ልጆች ሁሉ በሕጋዊ ባሏ ስም ሾቶ ተባሉ። ሰው ምን ይለኛል ሳትል በራሷ ስም ትነግድ ነበር። አገሩ ከፈረንሳይ ወደ ስፔን ዞረ፣ በ1803 ደግሞ ለአሜሪካ ተሸጠ። እነሱ በሦስቱም ባንዲራ ሥር ሱቃቸውን አልዘጉም። ሁለት ባላ ትከል ይባላል፣ እነዚህ ሦስት ተከሉ። ንግድ ማለት ይሄ ነው።

ሒሳብ ሹም፦
ወንድሜ፣ ባላውን የተከሉት የማን ጓሮ ውስጥ ነው? የሥራውን አካሄድ እንይ። ሾቶዎች እጃቸው ቢቨር፣ ማለትም ለፀጉሩ የሚታደነውን የወንዝ እንስሳ፣ አልገፈፈም። የሚያድኑት የአገሬው ተወላጅ የሆነው የኦሴጅ ነገድ ወንዶች ናቸው። ቆዳውን የሚፍቁትና የሚያለፉት ሴቶቹ ናቸው። የነጋዴው ድርሻ ብርድ ልብስ፣ ጠመንጃ፣ ባሩድ፣ የመዳብ ድስትና ዶቃ ለአደን ወቅት በዱቤ ማውጣት፣ ከአደን ሲመለሱ ደግሞ ቆዳውን መሰብሰብ ነው። የዱቤውን ዋጋ የሚቆርጠው እሱ፣ የቆዳውን ዋጋ የሚተምነውም እሱ። ሰፈር ሱቅ በደብተር የገዛ ሰው ይሄ ይገባዋል፤ ልዩነቱ ባለሱቁ ቢበድልህ ወደ ሌላ ሱቅ ትሄዳለህ። እዚህ ሌላ ሱቅ የለም። በ1794 የስፔኑ ገዢ ካሮንዴሌት ምሽግ እንዲሠሩለት ብሎ ከኦሴጆች ጋር የመነገድ መብትን ለስድስት ዓመት ለሾቶዎች ብቻ ሰጣቸው። ምሽጉንም በገዢው ስም ጠሩለት። ጉርሻውን አያችሁ? በ1802 ደግሞ መብቱ ለተፎካካሪያቸው ለማኑኤል ሊሳ ሲሰጥ ምን አደረጉ? ከኦሴጆቹ ገሚሱን አግባብተው ወደ አርካንሳስ ወንዝ ተፋሰስ እንዲሰደዱ አደረጉ፤ የሊሳ ፈቃድ እዚያ አይሠራማ። ደንበኛ ላለማጣት ሲባል ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ።

የመርካቶ ልጅ፦
ሞኖፖል ተሰጥቶት እምቢ ያለ ነጋዴ ካለ አሳዩኝ። ደግሞ ኦሴጆችን እንደ ሕፃን አታድርጓቸው እባካችሁ። በዚያ አካባቢ የሚፈሩት እነሱ ነበሩ፤ ስፔኖች ሲዝቱባቸው ከርመው ሲያቅታቸው ነው ሾቶዎችን የለመኑት። ወደ አርካንሳስ የሄዱትም የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፣ የአደን መሬት ነበረ፣ የአለቆች ሽኩቻም ነበረ።

ጋሼ መምህር፦
የመርካቶው ልጅ እዚህ ላይ ልክ ነው፣ ይሄን ሳልጠቅስ ብቀጥል ነውር ይሆንብኛል። ኦሴጆች በንግድ ያገኙትን ጠመንጃ ይዘው ጎረቤቶቻቸውን አስጨንቀዋል። ሾቶዎችም ከሩቅ የሚያዙ ባላባቶች አልነበሩም፤ ቋንቋውን ይናገራሉ፣ መንደሩ ውስጥ ክረምቱን ያሳልፋሉ፣ ተዋልደዋልም። ለእኔ ጣጣው የሚመጣው ነጋዴው ሹመት ሲደርብ ነው። በ1804 ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን የኦጉስትን ታናሽ ወንድም ፒየር ሾቶን የኦሴጆች ጉዳይ ወኪል አድርጎ ሾመው። በዚያው ዓመት አለቆቹን ይዞ ዋሽንግተን ወሰዳቸው፣ ተጨባበጡ፣ ሜዳሊያ ተሰጣቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ኅዳር 1808 ፎርት ኦሴጅ የሚባለው አዲስ ምሽግ ዘንድ ሰበሰባቸውና ውል አስፈረማቸው። የለቀቁት መሬት የዛሬውን ሚዙሪ አብዛኛውን ክፍልና ከአርካንሳስ ወንዝ በስተሰሜን ያለውን ሰፊ አገር ይይዛል፤ ወደ 50 ሚሊዮን ኤከር ይጠጋል። ያገኙት 1,200 ዶላር ጥሬ ገንዘብ፣ በየዓመቱ የ1,500 ዶላር ዕቃ፣ አንጥረኛና ወፍጮ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። እዚያው የነበረው የመንግሥት ንግድ ቤት ኃላፊ ጽፎ እንደተወው፣ ፒየር ሾቶ የፈረመ ወዳጅ ያልፈረመ ጠላት እንደሚባል ነው የነገራቸው። አስቡት እንግዲህ፤ ባሩድ የሚያበድርህ፣ የሚያስተረጉምልህ፣ ከመንግሥት ጋር የሚያገናኝህና መሬትህን ልቀቅ የሚልህ አንድ ቤት ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ያዘጋጀው የመንግሥት ሹም ዊሊያም ክላርክ እንኳ በስተርጅናው፣ ወዲያኛው ዓለም የምኮነን ከሆነ በዚህ ውል ነው እንዳለ ይነገራል። ፒየር ግን በሰላም 90 ዓመት ዘልቆ ሞተ።

ባለታክሲው፦
ጋሼ፣ ይሄን አላወቅኩም ነበር። 1,200 ዶላር? የኔ መኪና የአንድ ዓመት ኢንሹራንስ እኮ ይበልጣል። የያኔው ዶላር ሌላ መሆኑ ይገባኛል፣ ግን ቢሆንም።

ጠበቃ በስደት፦
ስለ መሬቱ ብዙ ተባለ፣ እኔ ስለ አንዲት ሴት ልጻፍ። ማርግሪት ትባላለች። እናቷ ማሪ ዣን ሲፒዮን ባሪያ ተብላ ኖራ የሞተች ናት፤ የማሪ ዣን እናት ግን የናቼዝ ነገድ ሰው ነበረች። ስፔኖች ደግሞ በ1769 የአገሬውን ተወላጅ በባርነት መያዝን ከልክለዋል። ስለዚህ ሴት ልጆቿ፣ እኛ በሕግ ነፃ ነን ብለው በ1805 ክስ መሠረቱ። ማርግሪትን ይዞ የሚከራከረው ማን ነበር? ፒየር ሾቶ! ያው የተወላጆች ጉዳይ ወኪሉ። ጉዳዩ ሲረታ ሲገለበጥ፣ ሲጓተት፣ ከአንዱ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር ቆየ። በ1836 ከሕዝብ የተመረጡት ዳኞች (ጁሪ) ለእነ ማርግሪት ፈረዱ። ሾቶ ግን አልተኛም፣ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው። በ1838 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥልጣኔ አይደለም ብሎ መለሰው። ሒሳቡን ሥሩት፤ ከ30 ዓመት በላይ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን "ሂጂ፣ ነፃ ነሽ" ማለት ይችል ነበር፣ ወረቀትም ጠበቃም አያስፈልገውም ነበር። እኔ ፍርድ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ጉዳይ ሲቀጠር የማየው በየቀኑ ነው፣ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ይቺ ሴት ከአእምሮዬ የማትወጣው።

ሌላም አለ። በባርነት የተያዘው ድሬድ ስኮት ነፃነቱን ጠይቆ በከሰሰው ዝነኛ መዝገብ ላይ ተከሳሽ ሆኖ የተጻፈው ጆን ሳንፎርድ የወኪሉ ልጅ የትንሹ ፒየር ሾቶ አማች ነበር፣ ልጁን ኤሚሊን አግብቷል። መጀመሪያ በላይኛው ሚዙሪ ወንዝ የመንግሥት ወኪል ነበር፣ ኋላ ከአማቱ ድርጅት ገባ። የ1857ቱ ውሳኔ ጥቁር ሰው ዜጋ ሊሆን አይችልም አለ፣ ያውም ስሙን አሳስቶ "ሳንድፎርድ" ብሎ መዝግቦ።

ባለታክሲው፦
ድሬድ ስኮትና ሚስቱ ሐውልታቸው አሮጌው ፍርድ ቤት በር ላይ ነው። ቱሪስት ስንት ጊዜ አድርሻለሁ። ከሾቶ ጎዳና ጋር ይገናኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የመርካቶ ልጅ፦
አማች በሠራው አማት ይከሰሳል እንዴ? እንደዚያማ ከሆነ እኔም አልተረፍኩም። የማርግሪትን ግን አልከላከልም። እሱ አሳፋሪ ነው።

ነርሷ፦
እኔ የ1837ቱን ልጨምር፣ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነውና። በ1834 ጆን ጃኮብ አስተር ከለምድ ንግድ ሲወጣ የላይኛውን ሚዙሪ ንግዱን ለፕራት፣ ሾቶና ኩባንያ ሸጠ። የሚመራው ትንሹ ፒየር ሾቶ ነው፣ የወኪሉ ልጅ። የኩባንያው የእንፋሎት መርከብ "ሴንት ፒተርስ" በ1837 ከሴንት ሉዊስ ተነስታ ወንዙን ሽቅብ ስትወጣ መርከቧ ላይ ፈንጣጣ የያዘው ሰው ነበር። ታውቆም ጉዞው ቀጠለ። ሰኔ ላይ ማንዳን የሚባለው ነገድ መንደር አጠገብ ወዳለው የንግድ ምሽግ ፎርት ክላርክ ደረሰች፣ ዕቃ አራገፈች፣ ወደ ሌላው ምሽግ ፎርት ዩኒየን አለፈች። ከ1,600 የማያንሱ ማንዳኖች ነበሩ። በዓመቱ መጨረሻ የቀሩት ወደ 125 ይገመታሉ። አለቃቸው "አራቱ ድቦች"፣ ከነጮች ጋር ተወዳጅቶ የኖረ ሰው፣ ሐምሌ 30 ሞተ። በሽታው ወደ ሂዳትሳ፣ አሲኒቦይንና ብላክፉት ነገዶች ዘለቀ፤ የሞተው በድምሩ ከ10 ሺህ ይበልጣል።

ሆን ብለው በብርድ ልብስ አሠራጩ የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበለውም። ሲሞት ደንበኛቸው ነው የሚሞተው፣ አይጠቅማቸውም። ፎርት ዩኒየን ላይ ክትባት ስላልነበራቸው ከታመመ ሰው ቁስል ወስደው ጤነኞችን ለመክተብ ሞክረዋል፣ እሱም ብዙ ሰው ጨረሰ። ግን መርከቧን የመመለስ ነገር ነበረ እኮ! ያልተመለሰችው የዓመቱ ዕቃ ሁሉ እሷ ላይ ስለነበር ነው። ብትመለስ የአንድ ዓመት ንግድ ይከስራል። በሙያዬ የምለው፣ ታማሚ እንዳለ እያወቅህ ከቀጠልክ አስበህ ባትገድልም ተጠያቂ ነህ። መንግሥትም አይታለፍም፤ ኮንግረስ በ1832 የተወላጆች ክትባት ሕግ አውጥቶ ነበር፣ ላይኛው ሚዙሪ ያሉት ግን እንዲቀሩ ተደረገ።

የመርካቶ ልጅ፦
እቱ፣ ይሄኛውን አላውቅም ነበር። ዝም ብያለሁ።

ሒሳብ ሹም፦
ዝም ካልክ ልቀጥል። አውሮፓ በቢቨር ፀጉር ባርኔጣ ፈንታ የሐር ባርኔጣ መልበስ ስትጀምር የቢቨር ዋጋ ወደቀ። ሾቶ ወደ ጎሽ ለምድ ዞረ። አንዱን የጎሽ ቆዳ ለማልፋት አንዲት ሴት ቀናት ትፈጋለች፣ ስለዚህ ትርፉ ሲያድግ የሴቶቹ ሸክም አደገ። ሁለተኛው ገቢ ደግሞ ዕዳው ራሱ ነው። ነገዶች መሬት ሲሸጡ መንግሥት ከሚከፍላቸው ላይ ነጋዴዎች "ዕዳ አለብን" ብለው ይቆርጣሉ። በ1851 ሚኒሶታ ውስጥ ዳኮታዎች ውሉን ከፈረሙ በኋላ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ቀረበላቸው፤ ብዙዎቹ የውሉ ቅጂ መስሏቸው ፈረሙ። ገንዘቡን ለነጋዴዎች የሚያስተላልፍ ወረቀት ነበር። ከወረቀቱ ጀርባ ከነበሩት ዋና ነጋዴዎች ሄንሪ ሲብሊ አንዱ ነው፣ ዕቃ የሚያበድረው ደግሞ የሾቶ ኩባንያ። ትንሹ ፒየር ትርፉን ወደ ብረትና ባቡር አዛወረው። በ1865 ሲሞት ባለጸጋ ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ፤ ይሄ ቤት የሚቆጨው ነገር አልነበረውም።

የመርካቶ ልጅ፦
አንድ ብቻ ልመልስ። ኦጉስት ፒየር ሾቶ፣ የወኪሉ ትልቁ ልጅ፣ ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የተማረ መኮንን ነበር። ኑሮውን ኦክላሆማ ኦሴጆች መሃል አደረገ፣ ከእነሱ አግብቶ ወለደ፣ በ1838 ዕዳ ውስጥ እንደተዘፈቀ ሞተ። ኦሴጆች መካከል ሾቶ የሚባል ቤተሰብ አለ። ስሙን ከመንገዱ ላይ ስታነሱ የማንን ስም ነው የምታነሱት? የፎቁ ባለቤቶች ብቻ አይደለም፣ የእነሱም ስም ነው።

ጋሼ መምህር፦
ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። ለዚህም ነው ስም መቀየሩ ብዙም የማይመስጠኝ። ሴንት ሉዊስ ድሮ የጉብታዎች ከተማ ትባል ነበር፤ ጥንታዊዎቹ ሰዎች የሠሯቸው የአፈር ጉብታዎች ነበሩባት፣ ነጮች እየናዱ ሙሌት አደረጓቸው። የቀረው ሹገርሎፍ የሚባለው ነው። በ2009 የኦሴጅ ሕዝብ አንድ ክፍሉን በገንዘቡ ገዛ። ይሰማሃል ባለታክሲው? በውል የለቀቁትን አገር ቁራጭ በገበያ ዋጋ መልሰው ገዙ።

ባለታክሲው፦
ጋሼ፣ የት አካባቢ ነው?

ጋሼ መምህር፦
በከተማው ደቡባዊ ክፍል፣ ወንዙን ቁልቁል የሚያይ ነው። አውራ ጎዳና 55 ጎኑን ይዞ ያልፋል።

ባለታክሲው፦
በጎኑ አልፋለሁ ማለት ነው፣ በሳምንት አምስት ቀን! ተራ ኮረብታ መስሎኝ። እሺ፣ ድምፄን ለጊዜው አንስቻለሁ፣ ይቆይም ይቀየርም አላልኩም። ሰውየው ደግሞ ቁጥሬን ወስዷል፣ እሁድ ኤርፖርት አድርሰኝ ብሎኛል። ሴትየዋም አብራ ከመጣች በ55 በኩል ነው የምወስዳቸው፣ ትንሽ ቢያዞርም።

ሒሳብ ሹም፦
የተዟዟርክበትን ግን እንዳታስከፍላቸው።

ባለታክሲው፦
ዱቤ ይዤባቸዋለሁ በለኛ።